መብራት ላልደረሰው ትምህርት ቤት የሶላር ላፕቶፕ፦ ምን ይገዛ፣ እንዴትስ ይገጠም? (ጅማ ዙሪያ)

መምህርት_ዴዶ
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ከጅማ ወጣ ብሎ በዴዶ በኩል ስላለ፣ የመብራት መስመር ስላልደረሰው ትምህርት ቤት ነው። 12 ላፕቶፕ ለማስገባት ታስቧል። አጠቃቀሙ በቀን 3 ሰዓት ያህል፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ጥላ የሚጥልበት ዛፍ የለም። ኮሚቴው ያሰበው ክዳኑ ላይ ሶላር የተለጠፈበት፣ ቢወድቅም የማይሰበር ላፕቶፕ እንዲገዛ ነው። ያዋጣል? ካላዋጣ ፓኔሉ ስንት ዋት፣ ባትሪው ስንት አምፔር ሰዓት፣ ሽቦው ባለ ስንት ይሁን? በቁጥር ብትነግሩኝ እንዳለ ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ።

ጊቤ_ሶላር
መምህርት፣ ክዳኑ ላይ ሶላር ያለውን ይተዉት። ስሌቱ ቀላል ነው። የ14 ኢንች ላፕቶፕ ክዳን 32 በ22 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ 0.07 ካሬ ሜትር ማለት ነው። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 1000 ዋት ፀሐይ ቢያርፍ፣ ጥሩ ፓኔል ከዚያ 20 በመቶውን ቢይዝ፣ የሚገኘው 14 ዋት ነው። ይህም ክዳኑ ፊት ለፊት ፀሐይ ሲመታው ነው። ተማሪው ከፍቶ ሲሠራ ክዳኑ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ግማሹም አይገኝም። ላፕቶፑ ራሱ ደግሞ ሲሠራ ከ6 እስከ 12 ዋት ይበላል። ስለዚህ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ የሚበላውን ቢመልስ ነው፤ የሚተርፍ የለም።

ሙከራው አዲስ አይደለም። ሳምሰንግ በ2011 እ.ኤ.አ. ክዳኑ ሶላር የሆነ ትንሽ ላፕቶፕ አውጥቶ ነበር፤ ድርጅቱ ራሱ ያለው በ2 ሰዓት ፀሐይ 1 ሰዓት ያሠራል ነው። ለትምህርት ቤት 3 ሰዓት ለማሠራት 6 ሰዓት ሙሉ ሜዳ ላይ ማስጣት ሊኖርብን ነው።

ትልቁ ችግር ግን ሙቀቱ ነው። ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ቻርጅ መደረግ የለበትም። ጥቁር ክዳን ፀሐይ ላይ ሲውል ይህን በቀላሉ ያልፈዋል። ጥሩው ላፕቶፕ ራሱን ለማዳን ቻርጁን ያቆማል፤ ርካሹ ዝም ብሎ ይቀጥልና ባትሪው ያብጣል። ስለዚህ ፓኔሉ ጣሪያ ላይ፣ ላፕቶፑ ጥላ ውስጥ ይሁን።

የመርካቶ_ጠጋኝ
ስለ ጥንካሬው ልጨምር። «ሚል-ኤስቲዲ-810» የሚል ጽሑፍ ስታዩ ወዲያው አትመኑ። ይህ የአሜሪካ ጦር የፈተና ዘዴ ነው እንጂ ማንም የሚሰጠው ሰርተፍኬት አይደለም። የትኛውን ፈተና እንደሚያደርግ የሚመርጠው አምራቹ ነው። አንዱ የመውደቁን፣ ሌላው የእርጥበቱን ብቻ ፈትኖ ያንኑ ጽሑፍ ይለጥፋል። የበለጠ የሚናገረው የአይፒ ቁጥር ነው፦ አይፒ65 ሲል 6ቱ አቧራ ፈጽሞ አይገባም፣ 5ቱ ደግሞ የሚረጭ ውሃ ይቋቋማል ማለት ነው።

ያገለገለ ታፍቡክ (የፓናሶኒክ ጠንካራ ላፕቶፕ) ብትገዙ ጠንካራ ነው፤ ስክሪኑም ፀሐይ ላይ ይነበባል። ግን ከባድ ነው፣ ብዙ ይበላል፣ ሲኤፍ-19 እና ሲኤፍ-31 የሚባሉት ቻርጀራቸው 15.6 ቮልት ስለሆነ ሌላ አይሰካላቸውም። ለክፍል ውስጥ ሥራ አያስፈልግም።

ለተማሪ የምመርጠው ባለ 11 ኢንች የትምህርት ቤት ላፕቶፕ ነው፤ ሌኖቮ 300ኢ እና 11ኢ፣ ዴል ላቲቲዩድ 3190 የመሳሰሉት። ጠርዛቸው ጎማ ነው፣ ብዙዎቹ ማራገቢያ የላቸውም፣ ኪቦርዳቸው ውሃ ቢፈስበት ይችላል። ማራገቢያ አለመኖሩ ለጅማ ትልቅ ነገር ነው። በቡና ማጠቢያና መፈልፈያ አካባቢ የሚውል ላፕቶፕ ሲከፈት ከማራገቢያው አፍ ላይ የሚወጣው አቧራ ከገለፈቱ ብናኝ ጋር ተጋግሮ እንደ ባና ጨርቅ ጠፍጠፍ ብሎ ነው። አየር አያልፍም፣ ማሽኑ ይግላል፣ ከዚያ ይንቀራፈፋል፤ ሰው ግን «ቫይረስ ነው» ይላል።

ሁለት ነገር ሳታዩ አትግዙ። አንደኛ፣ ውስጡ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ማከማቻ) ይሁን። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የዴዶን መንገድ በሚኒባስ ተንገጫግጮ አይዘልቅም፤ መብራትም ይበላል። ሁለተኛ፣ በዩኤስቢ ሲ (እንደ አዳዲሶቹ ስልኮች ባለች ትንሽ ሞላላ ቀዳዳ) ቻርጅ መሆኑን ሰክታችሁ አረጋግጡ። ቀዳዳው ስላለ ብቻ ቻርጅ ይቀበላል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ለዳታ ብቻ ነው።

መምህርት_ዴዶ
አመሰግናለሁ። ዩኤስቢ ሲ መሆኑ ለምን ያን ያህል አስፈለገ? ኢንቨርተር ተገዝቶ እያንዳንዱ በራሱ ቻርጀር ቢሰካ አይሻልም? ባለሱቁ ያለን እንደዚያ ነው።

ሊሙ_12ቮልት
ይሠራል፣ ግን ያባክናል። ባትሪው 12 ቮልት ዲሲ ነው። ኢንቨርተሩ ወደ 220 ኤሲ ይቀይረዋል፤ እዚያ ላይ 15 በመቶ ይጠፋል። ቻርጀሩ መልሶ ወደ 20 ቮልት ዲሲ ያወርደዋል፤ ሌላ 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ። ከ100 ዋት ላፕቶፑ ጋ የሚደርሰው 75 ነው። በዚያ ላይ ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሰካበት በርቶ ሲውል ብቻ 6፣ 8፣ 10 ዋት ይበላል። ሌሊቱን ሳይጠፋ ካደረ የአንድ ላፕቶፕን ሙሉ ባትሪ ያህል ወስዷል። ከ12 ቮልት በቀጥታ ወደ ዩኤስቢ ሲ ከቀየራችሁት ግን የሚጠፋው ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው።

የድሮዎቹ ባለ ክብ ጃክ ላፕቶፖች ጣጣ አላቸው። ዴልና ኤችፒ መሐል ላይ ቀጭን ፒን አላቸው፤ ላፕቶፑ በዚያች ፒን ቻርጀሩን ይለያል። ከ12 ወደ 19 ቮልት የሚያወጣ ተራ መቀየሪያ ስትሰኩ ዴሉ ይበራል፣ ይሠራል፣ ባትሪውን ግን አይሞላም። ሰው ባትሪው ሞተ ብሎ ይጥለዋል፤ ችግሩ ፒኗ ናት። የሌኖቮ ባለ አራት ማዕዘን ጃክም መለያ ሬዚስተር ይፈልጋል። ዩኤስቢ ሲ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

የመኪና ዩኤስቢ ሲ ቻርጀር ስትገዙ ደግሞ ይህን አስተውሉ፦

ርካሹ ቮልት ማውረድ ብቻ ይችላል። ከ12 ቮልት ተነስቶ 20 ማውጣት ስለማይችል ላፕቶፑ «ቀርፋፋ ቻርጀር» ይላል ወይም ጭራሽ አይቀበልም። ማውረድም መጨመርም የሚችል፣ 12 ቮልት ሲገባለት 20 ቮልት በ3 አምፔር እንደሚሰጥ የተጻፈበት ይሁን። «65 ዋት» ተብሎ 45 እና 20 ለሁለት ቀዳዳ የሚያካፍልም አለ።

የሲጋራ ማቀጣጠያ ሶኬቱንም አልወደውም። መሐሉ በስፕሪንግ ብቻ ነው የሚነካው። በ5 እና 6 አምፔር ለሰዓታት ሲሠራ ስፕሪንጉ ይላላል፣ ፕላስቲኩ ዙሪያውን ቡኒ ይሆናል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። በብሎን የሚታሰር ሞጁል ግዙ፣ ወይም ሶኬቱን ቆርጣችሁ በተርሚናል እሰሩት።

ጊቤ_ሶላር
አሁን ወደ ቁጥሩ። ማራገቢያ የሌለው ባለ 11 ኢንች፣ ብርሃኑ ዝቅ ብሎ፣ በአማካይ 8 ዋት ልያዝለት።

12 ላፕቶፕ × 8 ዋት × 3 ሰዓት = 288 ዋት ሰዓት። በመቀየሪያውና በላፕቶፑ ባትሪ የሚጠፋውን ጨምረን በ0.75 ስናካፍል 384። ለአንድ አነስተኛ ሰርቨርና ለሁለት አምፖል 55 ጨምሩ፤ በቀን 440 ዋት ሰዓት ግድም ይሆናል።

ፓኔሉን በዓመቱ አማካይ አታስሉት፤ በደመናማው ወቅት አስሉት። ለጅማ በቀን 3.5 ሙሉ የፀሐይ ሰዓት (በካሬ ሜትር 1000 ዋት የሚያርፍበት ሰዓት ያህል) ብዬ ነው የምይዘው። ለአቧራ፣ ለሙቀትና ለኮንትሮለር (በፓኔሉና በባትሪው መካከል ሆኖ ቻርጁን ለሚቆጣጠረው) 30 በመቶ ቀንሱ፦ 440 ÷ (3.5 × 0.7) = 180። ስለዚህ 200 ዋት፤ ሁለት ባለ 100 ቢሆን ይሻላል፣ አንዱ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ ሌላው ያሠራል።

ባትሪው ለሁለት ቀን ይበቃ ከተባለ 880 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ባለ 12.8 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ (ባጭሩ ሊቲየም) 80 በመቶው 1024 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ይበቃል። ሊድ አሲድ (እንደ መኪና ባትሪ ያለው) ከሆነ ከግማሽ በታች ማውረድ ስለማይገባ 150 አምፔር ሰዓት ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ፦ 12ቱ ላፕቶፖች ራሳቸው ባትሪ ናቸው። እያንዳንዳቸው 40 ዋት ሰዓት ቢይዙ 480 ነው፣ ከአንድ ቀን ፍጆታ በላይ። ፀሐይ በጠነከረበት ከ3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በተራ በተራ ሙሏቸው፤ ዋናው ባትሪ ሳይነካ ይውላል።

በተራ የምለው ያለምክንያት አይደለም። 12ቱ በአንዴ ቢሰኩ 12 × 45 = 540 ዋት ነው፤ ከ12 ቮልት ላይ 45 አምፔር ይስባል። ባለ 20 አምፔር ኮንትሮለር መውጫው (ዕቃው የሚሰካበት በኩል) ይቃጠላል። ሦስት ሦስት አድርጋችሁ በአራት ዙር ሙሉ፦ 135 ዋት፣ 12 አምፔር ግድም። በጥሩ ፀሐይ ፓኔሉ የሚሰጠውም ያንኑ ያህል ነው።

ቆርቆሮ_ላይ
ሊቲየም ውድ ነው። ሊድ አሲድ ወይም ጄል ምን አላት? የትም ትገኛለች፣ ሁሉም ባለሙያ ያውቃታል።

ጊቤ_ሶላር
ወንድሜ ልክ ነህ፣ ሊድ አሲድ መጥፎ አይደለም። የሚገድላት ባዶዋን ማደሯ ነው። ግማሽ ተሞልታ ለሳምንታት ከቆየች ሳህኖቿ ላይ ሰልፌት ይጋገራል፣ ከዚያ በኋላ አትይዝም። ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ቀን በቀን የሚከታተል ሰው መገኘቱ ከባድ ነው። ከገዛችኋት ኮንትሮለሩ የሚቆርጥበትን ቮልት ለውጡ። ከፋብሪካ 10.7 ወይም 11.1 ላይ ተስተካክሎ ይመጣል፤ እዚያ ሲደርስ ባትሪዋ አልቃለች። ወደ 11.8 ከፍ አድርጉት።

ሊቲየም ከገዛችሁ ደግሞ ኮንትሮለሩ የሊቲየም ምርጫ ይኑረው፤ 14.2 እስከ 14.6 ላይ ሞልቶ የሚያቆም።

የመርካቶ_ጠጋኝ
ከመክፈላችሁ በፊት እቃውን ፈትኑ። ሚዛን ላይ አድርጉት፦ እውነተኛ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ከ10 እስከ 13 ኪሎ ይመዝናል። 5 ኪሎ ከሆነ ውስጡ ግማሽ ነው። ሊድ አሲዷ 30 ኪሎ ግድም ነች።

ፓኔሉንም በሜትር ለኩት። አንድ ካሬ ሜትር ፓኔል ከ200 ዋት ብዙም አያልፍም። ግማሽ ካሬ ሜትር ሆኖ «200 ዋት» የሚል ከተለጠፈበት፣ 100 ነው። በእኩለ ቀን በቴስተር አምፔር ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ሽቦ ለጥቂት ሰከንድ ብታገናኙ ባለ 18 ቮልት የሆነ እውነተኛ 100 ዋት ከ5.5 እስከ 6 አምፔር ያሳያል። ቴስተሩ የ10 አምፔር ቀዳዳ ላይ መሰካቱን ግን እዩ።

ኮንትሮለር ላይ «ኤምፒፒቲ» (የፓኔሉን ትርፍ ቮልት ወደ አምፔር የሚቀይረው) ተብሎ ተጽፎ ውስጡ ፒደብሊውኤም (የማይቀይረው፣ ርካሹ) የሆነ ብዙ አለ። ክብደቱ ይነግራችኋል፤ እውነተኛው ውስጡ ትልቅ የመዳብ ጥቅል ስላለው ይከብዳል።

ሊሙ_12ቮልት
ባለ 18 ቮልት ፓኔል በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ከሆነ ፒደብሊውኤም ይበቃል፤ ገንዘባችሁን ለሽቦ አድርጉት። ትልቁን ባለ 330 ዋት የቤት ፓኔል በዋት ርካሽ ነው ብላችሁ ከገዛችሁ ግን እውነተኛ ኤምፒፒቲ ግድ ነው። ያ ፓኔል በ32 ቮልት 10 አምፔር ነው የሚሠራው። ፒደብሊውኤም ወደ ባትሪው 13 ቮልት ጎትቶ ያወርደዋል፣ አምፔሩ ግን ያው 10 ነው። 330 ገዝታችሁ 130 አገኛችሁ።

ቡና_ምድር
እስካሁን ከተባለው ሁሉ በላይ ሲስተም የሚገድለው ሽቦ ነው። ለ220 የለመድነውን ባለ 1.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት) ሽቦ በ12 ቮልት ላይ እናስራለን። ተመልከቱ፦ ባትሪው ከጠረጴዛው 8 ሜትር ቢርቅ፣ ደርሶ መልስ 16 ሜትር ነው። ባለ 1.5 የመዳብ ሽቦ በ16 ሜትር 0.19 ኦም አለው። 12 አምፔር ሲያልፍበት 2.2 ቮልት ይጠፋል። ባትሪው ላይ 12.8 የነበረው ቻርጀሩ ጋ ሲደርስ 10.6 ሆኗል።

ምልክቱ ይህ ነው፦ ሦስት ላፕቶፕ ሲሰካ የቻርጅ መብራቱ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል፣ በየጥቂት ሰከንዱ። ቻርጀሩ ቮልት ሲያንሰው ይዘጋል፤ ሲዘጋ ሽቦው ያርፍና ቮልቱ ይመለሳል፤ እንደገና ይከፍታል። አንድ ላፕቶፕ ብቻ ሲሰካ ግን ደህና ነው። ሰው ባትሪ ይቀይራል፣ ቻርጀር ይቀይራል፣ አይድንም። በቴስተር ባትሪው ጫፍ ላይ ለኩ፤ ከዚያ ሦስቱ እንደተሰኩ ቻርጀሩ ጫፍ ላይ ለኩ። ሳይሰካ መለካት ምንም አያሳይም።

መድኃኒቱ ባትሪውን ቻርጅ የሚደረግበት ጠረጴዛ ስር ማምጣት ነው። 3 ሜትር በባለ 6 ሽቦ የሚያጠፋው 0.2 ቮልት ብቻ ነው። ረጅሙ ርቀት ከፓኔሉ ወደ ኮንትሮለሩ ይሁን፣ እዚያ ቮልቱ ከፍ ያለ ነው፤ እስከ 12 ሜትር ድረስ ባለ 6 ይያዝ።

የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ከተርሚናሉ 20 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ የ30 አምፔር ፊውዝ ይታሰር። ሊቲየም ባትሪ ሾርት ሲሆን ሽቦውን እንደ ምድጃ ያቀላዋል፤ ልጆች ያሉበት ክፍል ነው፣ ይህ አይታለፍ።

አሠራሩም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ባትሪው ከኮንትሮለሩ ጋር ይታሰር፣ ቀጥሎ ፓኔሉ፣ መጨረሻ ላይ መውጫው። ሲፈታ በተቃራኒው። ፓኔሉ ቀድሞ ከታሰረ ኮንትሮለሩ 12 ይሁን 24 ቮልት መለየት ያቅተዋል፣ አንዳንዱም ይቃጠላል። በብዙ ርካሽ ፒደብሊውኤም ላይ ደግሞ የሚቆረጠው ኔጌቲቩ ነው፤ የመውጫውን ኔጌቲቭ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ካገናኛችሁት ባትሪው ሲያልቅ መቁረጡ ቀረ ማለት ነው።

መምህርት_ዴዶ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህ በጣም ግልጽ ነው። ፓኔሉ ወደየት ይዙር? አንዱ ወደ ደቡብ፣ ሌላው ዝም ብሎ ጠፍጣፋ ይሁን አለን።

ጊቤ_ሶላር
ሁለቱም ግማሽ ልክ ናቸው። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7.7 ዲግሪ ላይ ነች። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ 31 ዲግሪ ታዘነብላለች፤ በሰኔ ግን ወደ ሰሜን 16 ዲግሪ። ስለዚህ ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ፣ ቢበዛ 15። ከዚያ በላይ ካዘነበለ የክረምቱን ይጎዳል፤ በደመና ቀን ብርሃኑ ከሰማዩ ሁሉ ስለሚመጣ ጠፍጠፍ ያለ ፓኔል የተሻለ ይሰበስባል። ፈጽሞ ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ ውሃው ጠርዙ ላይ ተኝቶ ጭቃ ያበጃል። 1 ሜትር ስፋት ላለው ፓኔል የላይኛው ጠርዝ 18 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ 10 ዲግሪ ነው።

ቆርቆሮው ላይ አትለጥፉት። ስሩ አንድ ስንዝር አየር ይለፍበት፤ ሲግል ምርቱ ይቀንሳል። በጥርና በየካቲት አቧራ ሲበዛ ሳይሞቅ ማለዳ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይፈስም። መብረቅ ስለሚበዛም ፍሬሙን በባለ 6 የመዳብ ሽቦ መሬት ከተቀበረ ዘንግ ጋር እሰሩት።

የመርካቶ_ጠጋኝ
ጉንዳንና አይጥ አትርሱ። ኮንትሮለር ሙቀት ስላለው ጉንዳን ይወደዋል። በአየር ማስገቢያው ገብቶ አፈርና እንቁላል ይከምራል፤ ሰርኪዩቱ ላይ እርጥበት ይይዝና አረንጓዴ ዝገት ይጀምራል። ግድግዳ ላይ ከወለል አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አድርጉት፣ ሽቦ የሚገባበትን ቀዳዳ በሲሊኮን ዝጉ፣ የአየር መውጫውን ግን በቀጭን የወንፊት ሽቦ ሸፍኑት እንጂ አትድፈኑት። ለአይጥ ሽቦውን በፕላስቲክ ቱቦ አሳልፉ።

ኪዊክስ_ጅማ
ስለ ሶፍትዌሩ በአጭሩ። ሊኑክስ ሚንት (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም) ጫኑ፣ «ቲኤልፒ» የሚባለውን የባትሪ ቆጣቢ ጨምሩበት። ብርሃን 40 በመቶ። ለትምህርቱ ኮሊብሪንና ኪዊክስን (ትምህርትና መጻሕፍት ያለ ኢንተርኔት የሚያቀርቡ ፕሮግራሞች) በራስበሪ ፓይ 4 ላይ (ያ አነስተኛ ሰርቨር የሚሆነው ትንሽ ኮምፒውተር) ጫኑ፤ ከ3 እስከ 6 ዋት ነው የሚበላው፣ 12ቱም ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ያነቡበታል። ፓዩን ሳታጠፉት መብራት አትቁረጡበት፤ ሚሞሪ ካርዱ ይበላሻል። ቁቤ በላቲን ፊደል ስለሆነ ባለው ኪቦርድ ይጻፋል፤ ለአማርኛው የግዕዝ ኪቦርድ ይጨመር።

መምህርት_ዴዶ
የመጨረሻ ጥያቄ። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት የለም፣ ክፍሉ ይዘጋል። ሁሉም ነገር ተነቅሎ ይቀመጥ?

ቡና_ምድር
ሊድ አሲድ ከሆነች አትንቀሏት። ፓኔሉና ኮንትሮለሩ እንደታሰሩ ይቆዩ፣ መውጫው ብቻ ይፈታ፤ በደመናም ቢሆን እየሞላ ያቆያታል። ውሃ የሚጨመርባት ከሆነች ከመዘጋቱ በፊት የተጣራ ውሃ ይሙላላት። ሊቲየሙ ተቃራኒው ነው፦ ግማሽ ላይ አድርጋችሁ ሁሉንም ፍቱለት፣ መጀመሪያ መውጫውን፣ ከዚያ ፓኔሉን፣ መጨረሻ ባትሪውን።

ላፕቶፖቹ ከ50 እስከ 60 በመቶ ተሞልተው ሙሉ በሙሉ ይጥፉ፤ ክዳን መዝጋት ማጥፋት አይደለም። ቲንክፓድ (የሌኖቮ) ከሆኑ ባዮስ (ሲበራ የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ የውስጥ ባትሪውን የሚያላቅቅ ምርጫ አለ፤ ቻርጀር እስኪሰካ ድረስ ምንም አይበላም። የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ ከወለልም ከግድግዳም ራቅ ብሎ፣ በደረቅ ቀን፣ ላፕቶፖቹ ከቀዘቀዙ በኋላ ይታሸጉ። ትኩስ እንዳሉ ከታሸጉ ውስጡ ያልበዋል።

ሳጥኑ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ሲሊካ ጄል ይግባ፤ ቀለሙ የሚለወጠውን ግዙ። በየ5 ሳምንቱ አንድ ሰው ይክፈተው። ቀለሙ ከተለወጠ የታሸገበትን ከረጢት አውጥታችሁ ጥራጥሬውን ብቻ ብረት ምጣድ ላይ፣ ከ120 ዲግሪ ሳያልፍ በቀስታ እሳት፣ ቀለሙ እስኪመለስ አምሱት። ቡና የሚቆላበት ምጣድ ግን አይሁን፤ ለዚህ ብቻ የሚለይ ይኑር።